ስፌቱ ወደ ታች የዞረው ኮርኒስ

ሰው ቤት ስገባ ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ላይ ነው። ልጆቼ ያፍሩብኛል። «እማዬ፣ መጀመሪያ ሰላም በይ እንጂ፣ ጣሪያ ልትገዢ ነው እንዴ የመጣሽው!» ይሉኛል። ሰላምታዬን አልነፍግም፤ ግን ኮርኒሱን ሳላይ አልቀመጥም። ዝናብ ያበላሸው፣ ቀለሙ የረገፈ ወይም መሃሉ እንደ ሆድ የወረደ ከሆነ ባለቤቶቹን ውስጥ ውስጡን እታዘባቸዋለሁ። ክፉ ልማድ መሆኑን አውቃለሁ። ከየት እንዳመጣሁት ግን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። አሁን የሚቆጣም የሚያፍርም ሰው ስላልቀረ ልናገረው።

ያደግሁት ብቸና ነው። በንጉሡ ዘመን መጨረሻ ዓመታት አባቴ የአውራጃው ፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር። ቤታችን እንደ ጎረቤቶቻችን ሁሉ የጭቃ ቤት ሆኖ ቆርቆሮ የለበሰ ነው። ከጎረቤት የሚለየው አንድ ነገር ነበረው፤ ሳሎኑና በመንገዱ በኩል ያለው ክፍል የዘይት ቀለም ተቀብተዋል። አንድ ጊዜ ትልቅ ሰው በከተማው ያልፋል ተብሎ ፍርድ ቤቱ ሲቀባ ቀለም ተርፎ፣ አባቴ አለቃውን አስፈቅዶ ቤቱ አመጣው። ከወገብ በታች አረንጓዴ፣ ከወገብ በላይ ክሬም፣ መሃሉ ላይ ደግሞ ቀጭን ቀይ መስመር። እናቴ ባየችው ቁጥር ትበሽቅ ነበር። «ቤቴን ችሎት አደረገው። ከሳሽና ተከሳሽ ተያይዘው ቢገቡ አይገርመኝም» ትላለች። አባቴ ግን በዚያ ግድግዳ የሚኮራውን ያህል በእኛም የሚኮራ አይመስለኝም ነበር።

ችግሩ ግድግዳው ቀለሙን አለመውደዱ ነው። ክረምቱ ሲጠነክር ጭቃው ከሥር ውሃ ይጠጣል። የዘይት ቀለሙ ደግሞ ከላይ አፍኖ ይይዘዋል። ነሐሴ ላይ አረንጓዴው እንደ ትኩስ ውሃ ቃጠሎ ያብጣል፤ ልጅ ሳለሁ በጣቴ እየወጋሁ ማፈንዳት ደስታዬ ነበር። መስከረም ላይ ፀሐይ ሲወጣ ያበጠው ይሰነጠቅና ቅራፊው ወለል ላይ ይረግፋል። ከሥሩ የሚታየው በእበት የተለሰነው የድሮው ግድግዳ ነው። አባቴ ጥፋቱን ሁሉ በቀለሙ ፋብሪካ ላይ ጥሎ፣ ከቆርቆሮው ጣሳ ሥር የደረቀውን በላምባ እያቀጠነ የተላጠበትን ቦታ ይጠግናል። የተጠገነው በሚቀጥለው ክረምት ከነጎረቤቱ ይረግፋል።

ኮርኒሱም ከግድግዳው አይሻልም። በዚያ ጊዜ ኮርኒስ ማለት አቡጀዲ ነው። ጨርቁ ተሰፍቶ፣ ተወጥሮ፣ በምስማር ተመትቶ፣ በዱቄት ሙጫ ተለቅልቆ ከደረቀ በኋላ ኖራ ይቀባል። የእኛው ግን አርጅቶ መሃሉ ወርዶ ነበር፤ ዝናብ ያፈሰሰበትም ቦታ ሻይ የተደፋበት ይመስላል። አይጥ ከላይ ሲሮጥ ኖራው እየተላጠ ይዘንባል። አንድ ጊዜ የነፍስ አባታችን ጠላ ይዘው ሲመርቁ አንድ ቅራፊ ዋንጫቸው ውስጥ ዱብ አለ። እርሳቸው ምርቃቱን ሳያቋርጡ በጣታቸው አውጥተው ጣሉት። እናቴ ግን ሳምንቱን ሙሉ አላናገረችንም።

የመንገዱን ክፍል ለመንግሥት ሠራተኛ እናከራይ ነበር። እኔ ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ የታችኛውን ክፍል ልጆች ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት፣ አንድ ድሬሰር፣ ቁስል አሻጊና መርፌ ወጊ ማለት ነው፣ ለጤና ጣቢያው ተመድቦ መጣና ክፍሉን ያዘው። ሐረር ጦር ሰፈር ውስጥ ያደገ የወታደር ልጅ ነው። ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ አልጋው ጨርቅ የተወጠረበት ጠረጴዛ ይመስላል፣ ሲስቅ ግን ድምፅ ሳያሰማ ትከሻው ብቻ ይንቀጠቀጣል። እኔን መጀመሪያ ያናደደኝ ይህ አሳሳቁ ነው፤ የሚስቅብኝ ይመስለኝ ነበር። ኋላ ግን እርሱን ለማሳቅ ቀልድ አዘጋጅ ጀመር።

በገባ በሁለተኛው ሳምንት መስከረም ላይ፣ አባቴን አንቱ እያለ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ «ጋሼ፣ አልጋዬ ላይ ቅራፊ ስለሚረግፍ፣ ቢፈቅዱልኝ ግድግዳውን ላድሰው» አለው። አባቴ ቅር ቢለውም በነፃ የሚሠራ ተከራይ ማግኘት ቀላል ስላልሆነ፣ «አረንጓዴው ይቆይ እንጂ የቀረውን እንደፈለግህ» አለ።

ልጁ ቀለም ቀቢ አልነበረም። ሰፈራቸው በየዓመቱ ለበዓል ኖራ ሲቀባ ብሩሽ መያዝ ለምዷል፤ የሰፈራቸው ግንብ ግን ድንጋይ ስለሆነ የጭቃ ግድግዳ ምን እንደሚል አያውቅም። መጀመሪያ የላላውን ብቻ ፍቆ በላዩ ላይ ኖራ ቀባ። ኖራው በአረንጓዴው ላይ ለጥቂት ጊዜ ተቀምጦ፣ ከዚያ እንደ ደረቀ ሊጥ እየተቆራረሰ ወረደ። አባቴ ደስ አለው። «አላልኩህም? አረንጓዴው ባላባት ነው፣ ማንም አይጋልበውም» ብሎ አሾፈበት። ልጁ ትከሻው ተንቀጠቀጠ፤ በማግስቱ ከሥራ ሲመለስ ቆርቆሮ ስሎ እንደገና መፋቅ ጀመረ።

በሁለተኛው ጊዜ አረንጓዴውን ሙልጭ አድርጎ አነሣው። አባቴ በዚያ ቀን ቤት ላለመሆን አንድ ዘመድ ልጠይቅ ብሎ ሄደ። ጭቃው ሳይደርቅ ስለተቀባ ግን ኖራው ዱቄት ሆነና የነካውን ሁሉ አነጣ። ልጁ ጤና ጣቢያ ሲሄድ ጀርባው ነጭ ሆኖ፣ በሽተኞቹ ከወፍጮ ቤት የመጣ መስሏቸው ነበር። እናቴ ሳቀችበት። እርሱ ግን ተስፋ አልቆረጠም፤ እንደገና ወደ ጭቃው ተመለሰ። ከጭድ ጋር ጭቃ አቡክቶ ስንጥቁን ሞላ፣ በመስኮትና በበር ንፋስ እያስገባ እስኪደርቅ ጠበቀ። ኖራውን በበርሜል ውኃ ውስጥ አሳድሮ በወንፊት አጠለለው፤ እናቴን ተለማምጦም እፍኝ ጨው ጨመረበት። ኖራ እጁን ሲበላው እናቴ ቅቤ ሰጠችው። ያን ጊዜ ግድግዳው ያዘ። በመዳፍ ቢያሹት ኖራው እጅ አይነካም፤ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ሲገባበት ክፍሉ ዓይን ያጠግባል። አባቴ ገብቶ ከወዲያ ወዲህ ሲመለከት ቆየና፣ «ሳሎኑንስ?» አለ። በአባቴ አፍ ከዚህ የበለጠ ምስጋና ሰምቼ አላውቅም።

ሳሎኑ ሲያልቅ ተራው የኮርኒሱ ሆነ። አቡጀዲውን አባቴ ገዛ። መስፋት የእኔ ድርሻ ነበር። ከጎረቤታችን ከልብስ ሰፊው መኪና ተውሼ ቁራጮቹን እያጋጠምኩ ስሰፋ ዋልኩ። ጨርቁ ተወጥሮ አንድ ጎኑ በምስማር ከተመታ በኋላ ነው ቀና ብዬ ያየሁት። ሁሉንም የገለበጥኩት እኔ ነኝ። የስፌቱ ጠርዝ ወደ ጣሪያው መደበቅ ሲገባው ወደ ታች ወደ እኛ ዞሯል፤ በሳሎኑ ርዝመት መስመር መስመር ሆኖ ወጥቷል። ማልቀስ ቃጣኝ። ደግሞ ቁጡ ነኝና ከማልቀስ መቆጣት ይቀለኛል፤ «ምስማሩን ንቀለው፣ ፈትቼ ልስፋው!» ብዬ ጮህኩ።

እርሱ ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ፣ ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ፣ ጨርቁን በመዳፉ ደግፎ፣ ምስማር በከንፈሩ ይዞ ቆሞ ነበር። ምስማሩን ከአፉ አወጣና፣ «አይነቀልም። እኔ ወድጄዋለሁ። መስመር ያለው ደብተር ይመስላል፤ አስተማሪ እንደሰፋችው ያስታውቃል» አለ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ጨርቁም አብሮ ተንቀጠቀጠ። እኔም ሳልፈልግ ሳቅኩ።

እናቴ ጓሮ ናት፤ የማገዶ ፍልጥ ስትደረድር ይሰማል። እርሱ ወደ ታች ሳያይ፣ እጁም ወደ ላይ እንደተዘረጋ፣ «ሽማግሌ ብልክ አባትሽ ያባርሩብኛል?» አለኝ።

አንዲት የጨዋ ልጅ እሺ አትልም፣ እንቢም አትልም። ያንን ሁሉም ሰው ያውቃል ብዬ አምን ነበር። «ሞክረህ እይ» አልኩት። ይህን ስመልስ ብልኅ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። እርሱም የሰማውን የወደደው መሰለኝ፤ ቀጣዮቹን ምስማሮች ሲመታ በጣም ቸኮለ።

አሁን በእኛ አገር ደንቡ እንዴት እንደሆነ መናገር አለብኝ፣ ነገሩ ሁሉ እዚያ ላይ ነውና። ሽማግሌ ሲመጣ አባት መጀመሪያ ቀን አይሰጥም። ልጁን እንደ አሮጌ እቃ ከቤት ሊያወጣት የቸኮለ እንዳይመስል «አይሆንም» ይላል። ሽማግሌዎቹም ይህን አውቀው ነው የሚመጡት። ተቀመጡ ሲባሉ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ይላሉ፤ አይሆንም ሲባሉ «እንመለሳለን» ብለው ይሄዳሉ። ሲመለሱ አባትየው ትንሽ ይለዝባል፣ ዘመድ ልጠይቅ ይላል። ደግመው ደጅ ሲጠኑ እሺ ይላል፤ ያን ጊዜ ይቀመጣሉ፣ ይመራረቃሉ። ሁለት ጊዜ የተመለሰ ሽማግሌ ለልጅቱ ክብሯ ነው። እናቴን ለማግኘት የአባቴ ሽማግሌዎች ስንት ጊዜ እንደተመላለሱ እናቴ ስታወራው፣ ቁጥሩ በየዓመቱ ይጨምር ነበር።

ልጁ በከተማው ዘመድ የለውም። ከፋሲካ በኋላ የላካቸው ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ የጤና ጣቢያው አለቃው፣ ሌላው የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር። ሁለቱም ከሩቅ የመጡ፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ አዳሪ ትምህርት ቤት ያደጉ፣ ራሳቸውም ሚስት ያላገቡ ወጣቶች ናቸው። ለሽምግልና ተልከው የሚያውቁ አይመስለኝም። ልጁ የነፍስ አባታችንን ጨምሮ ሊልክ አስቦ እንደነበር ኋላ ሰማሁ፤ አለቃው ነው «እኛ እንበቃለን፣ ምን ያደርጋል ሰው ማብዛት» ያለው።

እሑድ ጠዋት መጡ። አባቴ እንደሚመጡ ጠርጥሮ ጋቢውን አጣጥፎ ተቀምጧል። እኔና እናቴ ከጓዳው በር ኋላ ጆሯችንን ጥለናል። «ተቀመጡ» ሲላቸው ወዲያው ተቀመጡ። እናቴ በእጇ አፏን ያዘች። አለቃው ነገሩን ባጭር ቃል ተናገረ፤ ስለ ልጁ ጠባይ፣ ስለ ደመወዙ፣ በቃ። አባቴ ደግሞ ቃሉን ለቀናት ሲያዘጋጅ ነበር የሰነበተው፤ የፍርድ ቤት ሰው ነውና አሳምሮ ተናገረ። ልጄ ገና ልጅ ናት አለ። አገሩ ሩቅ ነው፣ ወገኑን አናውቅም አለ። «ስለዚህ ጌቶቼ፣ ይህ ነገር አይሆንልኝም» ብሎ ጨረሰና ጋቢውን አስተካክሎ መልሳቸውን ጠበቀ።

አለቃው ተነሣ። «ገብቶናል ጋሼ። በግልጽ ስለነገሩን እናመሰግናለን» አለ። ዳይሬክተሩም የቀረበለትን ጠላ ቆሞ ጨለጠና ሁለቱም አባቴን ጨብጠው ወጡ።

አባቴ አፉን ከፍቶ ቀረ። እናቴ ከጓዳ ወጥታ፣ «ምን አልካቸው?» አለችው፤ ሁሉን ሰምታ ሳለ።

«ደንቡን ነዋ!» አለ። «ሌላ ምን ልበል?»

«ታዲያ በዚሁ ሄዱ?»

«ይመለሳሉ። ወጣቶች ናቸው፣ ቸኩለው ነው። ይመለሳሉ።»

በማግስቱ ልጁ እቃውን ሰብስቦ ወጣ። ሌላ ሰው ይህን ሲሰማ ነገሩ በዚያው እንዳበቃ ይገባዋል። እኛ ግን ደስ አለን። የሚጠይቅ ወንድ ከምትጠየቅ ልጅ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር አያድርም፤ ስለዚህ ጨዋነቱ ነው ብለን አሰብን። አባቴ፣ «አየሽ፣ ያደገበት ይታወቃል» ብሎ ለእናቴ ነገራት። ልጁ የእናቴን ትከሻ ስሞ፣ «እትዬ፣ ላስቀየምኳችሁ ይቅርታ» ሲል እንኳ ትሕትና መሰለን። እኔ በር ላይ ቆሜ ነበር። የኖራ ባልዲውን ረስተሃል አልኩት፤ ሌላ ቃል አልመጣልኝም። «ይቀመጥ፣ በክረምት ይጠቅማችኋል» አለኝ። ዓይኑን አላነሣም። ያንንም ለጨዋነት ቆጠርኩለት። ውስጤ ጮቤ ሲረግጥ ነበር።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። እሑድ በመጣ ቁጥር አባቴ ንጹሕ ለብሶ ሳሎን ይቀመጣል። እናቴ ጠላ አታጎድልም። ሰኔ ሲገባ ልጁ ወደ ሞጣ ተዛውሮ መሄዱን ሰማን፤ ዝውውሩን ራሱ ነው የጠየቀው ተባለ። ብቸና ትንሽ ከተማ ናት፣ እንዴት እውነቱ አልደረሳችሁም ትሉ ይሆናል። የጤና ጣቢያው አለቃ አባቴን መንገድ ላይ ሲያየው ፊቱን ያዞር ጀመር። አባቴ ደግሞ ይህን ሲያይ፣ «በሽምግልናው አፍሮ ነው፣ የሚያውቅ ሰው ይዞ ሊመለስ ነው» ይል ነበር። የከተማው ሰውም አባቴን ሴት ልጁን በማስከበሩ አመሰገነው እንጂ የሳተ ነገር አላየም።

እናቴ አንድ ቀን፣ «በሰው በሰው ተመለስ ብለን ብንልክበትስ?» አለች። አባቴ እንደዚያ ሲቆጣ አይቼው አላውቅም። «ልጄን በገበያ ላዙርልሽ እንዴ! ሴት ልጅ ውሰዱልኝ ተብሎ ይላካል?» አላት። እናቴ ዝም አለች። እኔም ዝም አልኩ፤ እውነት ለመናገር ያኔ አባቴ ልክ መስሎኝ ነበር። ያን ዝምታ ዛሬም አልረሳሁትም። የማንም ክፋት ስላልነበረበት፣ የምረግመውም ሰው አጥቼ እብሰለሰላለሁ።

ክረምቱ መጣ፣ የሞጣ መንገድ ተዘጋ። መንገዱ ሲከፈት ይመጣሉ አልን። መስቀል አለፈ። ጥር የሠርግ ወር ነው፣ በጥር ይመጣሉ አልን። የመንገዱን ክፍል ሌላ ሰው ሊከራየው ሲጠይቅ አባቴ ተይዟል ይላል። የተረሳውን ባልዲ አውጥቶ፣ ልጁ ሲያደርግ እንዳየው ኖራ አጥልሎ፣ ጨው ጨምሮ፣ ክፍሉን በራሱ እጅ አደሰው። እንደዚያ የሚወደውን የዘይት ቀለም አንድም ቀን አላነሣም። ጥርም አለፈ። ያን ጊዜ እኔን ቁጣ ጀመረኝ። ትዕቢተኛ አልኩት። አንድ እንቢታ የማይችል ትከሻ ምን ትከሻ ነው አልኩ። ግድግዳ ላይ አንዴ ሲረግፍበት አንዴ ዱቄት ሲሆንበት ያልሰለቸ ሰው፣ በእኔ ጊዜ እንዴት ደከመው እያልኩ ሳሎኑ ውስጥ ተንጋልዬ እነዚያን የተገለበጡ ስፌቶች አያለሁ።

በሚቀጥለው መስከረም ለማስተማር ወደ ሞጣ ተመደብኩ። ምደባውን አልጠየቅሁም፤ ሲደርሰኝ ግን አልከፋኝም። የጭነት መኪና ላይ፣ በጤፍ ከረጢቶች መካከል ተቀምጬ፣ ደብረ ወርቅንና ጉንደ ወይንን አልፈን ስንሄድ የምናገረውን ሳዘጋጅ ነበር። መጀመሪያ እሰድበዋለሁ፣ ከዚያ ሲስቅ አየዋለሁ፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን አላሰብኩም። ሞጣ ስደርስ ልጁ እንደሌለ ነገሩኝ። ግንቦት ላይ ወደ አገሩ ወደ ሐረር ተዛውሮ ሄዷል።

ሳልዋሽ ልናገር፤ የተከራየበትን ቤት አጠያይቄ ነው የሄድኩት። የቤት ኪራይ ፈላጊ መስዬ። የቤቱ ባለቤት እዚያው ሞጣ ተወልደው ያረጁ፣ ባላቸው ገበያው ዳር ጨርቅ የሚነግዱ ሙስሊም እናት ናቸው። ክፍሉን ከፈቱልኝ። ግድግዳው ነጭ ነው፤ አልፌ በመዳፌ አሸሁት፣ አይነካም። ቀና አልኩ።

ኮርኒሱ አዲስ አቡጀዲ ነው። የስፌቱ ጠርዝ ሁሉ ወደ ታች ዞሯል።

እዚያው ካለው አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ሴትዮዋን ያሳፈራቸው መሰለኝ፤ «አይ ልጄ፣ እሱን አትዪው» አሉኝ። «የጤና ጣቢያው ልጅ ነው እንዲህ ያስሰፋው። ባለቤቴ ጨርቁን ሰጠው፣ ልብስ ሰፊው ኧረ ተገልብጧል ቢለው፣ ወላሂ እንቢ አለ። እንዲህ ነው የማውቀው አለ። ቤቱ ግን ደረቅ ነው፣ አይረግፍብሽም።»

«ለምን እንዲህ እንደወደደው አልነገረዎትም?» አልኳቸው።

«ዝምተኛ ልጅ ነበር። የሚሄድ ዕለት ነው አፉን የፈታው። ሣጥኑን አስሮ መኪና ሲጠብቅ፣ ልጄ፣ እንዲህ ቤት የምታሳምር ለምን አታገባም ብለው፣ ብቸና ላይ ጠይቄ አባቷ እንቢ አሉኝ አለ። ስንት ጊዜ ጠየቅህ አልኩት። አንዴ አለኝ። አንዴ ብቻ? አልኩት፤ እኛም ጋ፣ ክርስቲያኖቹም ጋ፣ አንዴ ተጠይቆ ልጅ የሚሰጥ አለ እንዴ!»

«ምን አለ?»

«ሣጥኑ ላይ ቁጭ አለ። አባቴ ወታደር ነው፣ አለቃ አይሆንም ካለ አይሆንም ማለት ነው ብሎ ነው ያሳደገኝ፣ እንቢ ያለን አባት ደግሞ መጠየቅ መድፈር መስሎኝ ነበር አለ። ዛሬስ ብትመለስ አልኩት። እንግዲህ ጥር አልፏል፣ ተድራለች አለ። ከዚያ መኪናው ጡሩንባውን ነፋ።»

አልተዳርኩም ነበር። በዚያን ሰዓት ብቸና ቁጭ ብዬ በር በር እያየሁ ነበር። ይህን ለሴትዮዋ አልነገርኳቸውም፤ ግን ሞኝ አልነበሩም። ዓይኔን አዩና፣ ወደ ላይ አዩና፣ «አላህ ያጽናሽ ልጄ» ብለው ወጡ። ክፍሉን ተከራየሁት። ሞጣ በቆየሁበት ጊዜ ሁሉ ከዚያ ኮርኒስ ሥር ተኝቻለሁ።

አድራሻውን ፈልጌ አላገኘሁም። በኋላ አገሩ ተናወጠ፣ ሰው ከሰው ተበታተነ። እኔም አገባሁ። ባሌ ደግ ሰው ነበር፤ በእርሱ ላይ ቅሬታ የለኝም። ይህ ግን ከዚያ ሁሉ በፊት ነው፤ የዚያኑ ዓመት ፋሲካ ብቸና ወላጆቼን ልጠይቅ ሄድኩ። አባቴ ሳሎን፣ እነዚያ ስፌቶች ሥር፣ እንደ ወትሮው እሑድ ለብሶ ተቀምጧል። ሴትዮዋ የነገሩኝን አንድም ሳላስቀር ነገርኩት።

አልተቆጣም። ከዚያ ተነሣና ወደ መንገዱ ክፍል ገባ፤ እኔም ተከተልኩት። ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው ሳይገባበት ያቆየው ክፍል ንጹሕ ነው፣ ኖራው አንድም ቦታ አልተላጠም። በመዳፉ ግድግዳውን አሸ፣ መዳፉን ገልብጦ አየው። ምንም አልነካውም።

«ቃሉን እኮ አዘጋጅቼ ነበር» አለ። «ለሁለተኛው ቀን። ሦስተኛ ቀን እንኳ ሳላስቸግረው፣ በሁለተኛው እሺ ልለው ነበር።»

ከዚያ ወጣና ቁልፉን ለእናቴ ሰጣት። ክፍሉ በዚያው ሳምንት ተከራየ።